የአሊዩት ካያክ በጣና ዳር፦ ከመለካት እስከ መቅዘፍ

ጣና ዳር ያደገ ሰው ስለ ታንኳ አይነገረውም። ደንገሉ ራሱ ተንሳፋፊ ስለሆነ ታንኳ ውኃ ቢጠጣም አይሰምጥም፤ ይከብዳል፣ ይጎተታል እንጂ የተሸከመውን አይጥልም። የአሊዩት ካያክ ሌላ ነገር ነው። ቀጭን የእንጨት አጽም፣ በላዩ የተወጠረ ቆዳ፣ በውስጡም አየር ብቻ። የሚያንሳፍፈው አየሩ ስለሆነ ውኃ አየሩን ከተካው ካያኩ ውኃ የሞላ ከረጢት ሆኖ ይቀራል። ከእንጨት ምርጫ እስከ ቀዘፋ ድረስ ብዙው ጥንቃቄ የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ካያኩ የኡናንጋን ሕዝብ ሥራ ነው፤ አሊዩት ብለው የጠሯቸው ሩሲያውያን ናቸው። የሚኖሩት ከአላስካ ወደ ምዕራብ በተዘረጉት የአሊዩሺያን ደሴቶች ነው። ደሴቶቹ ዛፍ አልባ ስለሆኑ እንጨቱን የሚያገኙት ባሕር ገፍቶ ወደ ዳር ከሚያወጣው ግንድ ነበር፤ ቆዳው ደግሞ የባሕር አንበሳ። ባለቤቶቹ ኢክያክ ይሉታል፣ ሩሲያውያን ባይዳርካ። የአንድ ሰው የሆነው ብዙውን ጊዜ ከ4.5 እስከ 5.5 ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ ከ50 ሳ.ሜ. እምብዛም አይበልጥም። ባለ ሁለት መቀመጫም አለ፤ ባለ ሦስቱ ሩሲያውያን ከገቡ በኋላ የመጣ ነው፣ መሐሉ ላይ የሚቀመጠው እንግዳ አይቀዝፍም ነበር።

አሠራሩን ከሌላው የጀልባ ሥራ የሚለየው አለመቸንከሩ ነው። ሁሉም ነገር ይታሰራል። ከሥር የሚሄደው አከርካሪ እንኳ አንድ ወጥ ሳይሆን ሦስት ቁራጭ ነው፤ በመጋጠሚያዎቹ መካከል አጥንት ይገባ ነበር። ማዕበል ከሥሩ ሲያልፍ አጽሙ ትንሽ ይታዘዛል፣ ማዕበሉ ያልፋል፣ አጽሙ ይመለሳል። ጣና በጥልቅ ቦታው 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይደርሳል። እንዲህ ባለ ውኃ ላይ «ይጠንክር» ተብሎ ምስማር የተመታበት አጽም መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ምስማሩ በገባበት ነው። አናጢ ወዳጃችሁ ምስማር ቢያቀብላችሁ አመስግናችሁ መልሱለት።

ዕቃው

ለረጃጅሞቹ ክፍሎች የፈረንጅ ጽድ ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ መላጊያ ይታዘዛል፣ እርጥበትንም ይችላል። ክፋቱ ጉጡ ነው። ጉጥ ያለበት ቦታ ሲታጠፍ ይሰበራልና ጣውላውን ስትመርጡ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያህል ጉጥ የሌለበት ቀጥ ያለ መስመር ፈልጉ። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፣ በየደጁም አለ፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ክብደቱም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለአፍንጫውና ለጅራቱ ጥርብ ዋንዛ ያስፈልጋል፤ መሮ ሲያርፍበት አይፈረካከስም።

ጎድኖቹ ከቀርከሃ ይሠራሉ። ከአዊ ደጋ የሚመጣው ወፍራሙ ሲሰነጠቅ ጥሩ ጎድን ይወጣዋል፤ ጠንካራና ውስጠ ድፍን የሆነው ሽመልም እንዲሁ። ከመሰንጠቁ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ውኃ ውስጥ ድንጋይ ጫኑበት። ነቀዝ የሚበላው በውስጡ ያለውን ስታርች ነው፤ ውኃው ያን ያጥበዋል። ይህን የዘለለ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ከሸራው ሥር ነጭ ዱቄት ሲረግፍ ያያል፤ ያኔ ጎድን ለመቀየር ሸራው መቀደድ አለበት።

ማሰሪያው ለዓሣ መረብ የሚሸጠው ክር ነው፣ 1.5 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው፣ 250 ሜትር። ፖሊስተር ከተገኘ ይመረጣል። ናይለን ሲርስ ስለሚለጠጥ ደርቆ ጠብቆ የነበረው ቋጠሮ ውኃ ላይ ይላላል፤ ናይለን ብቻ ካገኛችሁ ክሩን አርጥባችሁ እሰሩ። ያም ሆነ ይህ ከመታሰሩ በፊት በሰም ይለቅለቅ፤ ሰሙ ቋጠሮውን ይይዘዋል። ጠፍር ለአልጋ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ሲርስ ይለሰልሳል፣ ሲቆይ ይሸታል።

ስለ ቆዳውም ጥያቄው አይቀርም፦ የበሬ ቆዳ ለምን አይሆንም? ይሆናል፤ ግን ይከብዳል፣ ብዙ ቆዳም ይጠይቃል፣ ሞቃት በሆነ የሐይቅ ውኃ ውስጥ ሲውል ይለሰልሳል፣ ይበሰብሳልም። ኡናንጋን ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ሆነውም ቆዳውን በየጊዜው ዘይት ያጠጡት፣ ከውኃ ሲወጣም ያደርቁት ነበር። በባሕር ዳር ሙቀት በዚያ ላይ አይጥና ውሻ አለ። ስለዚህ ወፍራም የጥጥ ሸራ፣ በካሬ ሜትር ከ400 እስከ 500 ግራም የሚመዝን፣ 5.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ውሰዱ። ላስቲክ የተቀባ የጭነት መኪና ሸራ አትግዙ፤ ቀለም አይዘውም፣ ርሶ ሲደርቅም አይሰበሰብም። አቡጀዲ ደግሞ ከመጀመሪያው ድንጋይ አያልፍም።

ልኩ ከገላ ነው

ካያክ ልክ እንደ ልብስ በባለቤቱ ይለካል። ርዝመቱ ሁለት እጅ ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ሦስት ጊዜ ነው። ለወርዱ መሬት ላይ እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡና የዳሌያችሁን ስፋት ለኩ፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ ጭብጥ ጨምሩ። 1.70 ሜትር ቁመትና 65 ኪሎ ገደማ ላለው ሰው ይህ 5.10 ሜትር በ52 ሳ.ሜ. ይሰጣል፤ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ለዚህ ሰው ናቸው። ጀማሪ ወርዱን ወደ 55 ቢያሳድገው አንወቅሰውም፤ ከ60 ካለፈ ግን ካያክነቱ ይቀራል፣ መቅዘፊያውም ጠርዙን እየመታ ያስቸግራል። በመቀመጫው ፊት ከወለል እስከ ጣሪያ 27 ሳ.ሜ. ይበቃል፤ እግር ቁጥሩ ከ43 በላይ የሆነ ሰው 30 ያድርገው፤ አለዚያ ጣቶቹ ሸራውን እየገፉ ይውላሉ።

ጠርዝና አግዳሚ

ከላይ በግራና በቀኝ የሚሄዱት ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ጠርዝ ናቸው፦ እያንዳንዱ 4.60 ሜትር ርዝመት፣ 4.5 ሳ.ሜ. ቁመት፣ 2 ሳ.ሜ. ውፍረት። ሁለቱም ከአንድ ጣውላ ይሰንጠቁ። ከተለያየ ጣውላ ከመጡ አንደኛው ከሌላው ቀድሞ ይታጠፋል፤ ካያኩም ሲያልቅ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል፣ ሳይዞር የማይሄድ ይሆናል። ይህ ስህተት ኋላ አይታረምም።

ጣውላው ካጠረ ይቀጠላል። ቅጥሉ ሰያፍ ይቆረጣል፤ ርዝመቱ የውፍረቱ ስምንት እጥፍ፣ ማለትም 16 ሳ.ሜ. ይሁን። ኮላ የሚፈቀድበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው፤ ከዚያም በላዩ ሦስት ቦታ ይታሰራል። የግራው ቅጥል ከቀኙ ትይዩ አይሁን፣ ሁለቱም ከመቀመጫው ይራቁ።

ሁለቱን ጠርዞች ጫፍና ጫፋቸውን እሰሩና መሐሉ ላይ 52 ሳ.ሜ. ጊዜያዊ መወጠሪያ አስገቡ። ከዚያ ዘጠኝ አግዳሚዎች ይገባሉ። ከመቀመጫው ፊትና ኋላ ያሉት ሁለቱ 4 በ3 ሳ.ሜ. ይሁኑ፣ የቀሩት 3 በ2.5። የእያንዳንዱ አግዳሚ ጫፍ አንድ ሳ.ሜ. ጠበብ ተደርጎ ተቀርጾ ጠርዙ ውስጥ ይገባል፤ በ4 ሚ.ሜ. መሰርሰሪያ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ተበስቶ ይታሰራል። የመቀመጫው ሁለት አግዳሚዎች በመካከላቸው 60 ሳ.ሜ. ይኑራቸው፤ የመቀመጫው መሐል ከካያኩ መሐል አንድ ጋት ያህል ወደ ኋላ ይሁን። ወደ ፊት ከተጠጋ አፍንጫው ይሰምጣል፣ በነፋስም ይሽከረከራል። የፊተኛው አግዳሚ ለጉልበት ቦታ እንዲሰጥ 5 ሳ.ሜ. ወደ ላይ ይጎብጥ።

አሁን ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሲባጎ ወጥሩ። የእያንዳንዱ አግዳሚ መሐል ሲባጎው ሥር መዋል አለበት። ሁለት ሳ.ሜ. ካፈነገጠ ፍቱና እንደገና እሰሩ፤ ክር ነውና ይፈታል።

አፍንጫውና አከርካሪው

የአሊዩት ካያክ ከሩቅ የሚታወቀው ባፈ ሹካ አፍንጫው ነው። የታችኛው ቅርንጫፍ ቀጭንና ጎባጣ ሆኖ ውኃውን ይሰነጥቃል፤ የላይኛው ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ማዕበል ሲመጣ አፍንጫውን ያነሳል። አንድ እንጨት ሁለቱን ሥራ መሥራት ስለማይችል ሁለት ተደርጓል። የታችኛው 2 ሳ.ሜ. ውፍረት ካለው ዋንዛ ይቆረጥ፤ የላይኛው 12 ሳ.ሜ. ወርድ ይኑረው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሦስት ጣት ይበቃል። በጣና ዳር ይህ ክፍተት አንድ ችግር ያመጣል፦ የእምቦጭ ሥርና የደንገል ቅጠል ይሰነቀርበታል። በክፍተቱ አፍ ላይ ከላይ ወደ ታች አንድ ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ማሰር መፍትሔ ነው። ጅራቱ ጠፍጣፋ ቋሚ እንጨት ነው፤ ቀላል ነውና አንዘገይበትም።

አከርካሪው ሦስት ቁራጭ ነው፦ መሐለኛው 1.90 ሜትር፣ ዳርና ዳሩ 1.35 ሜትር፣ ሁሉም 3 በ2.5 ሳ.ሜ.። በመጋጠሚያው 20 ሳ.ሜ. ይደራረባሉ። ተደራራቢዎቹ ሰያፍ ሆነው ጫፋቸው ላይ ትንሽ እርከን ይቆረጥላቸው፤ እርከኑ ከፊትና ከኋላ እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል። በመካከላቸው 2 ሚ.ሜ. የሆነ የበሬ ቀንድ ቁራጭ አስገቡ፤ ይህ የአጥንቱን ቦታ ይይዛል፣ እንጨት እንጨትን እንዳይበላውም ይከላከላል። ሁለት ቦታ ታስሮ ይተው። «መጋጠሚያው ትንሽ ይንቀሳቀሳል» ብላችሁ ኮላ አትጨምሩ፤ እንዲንቀሳቀስ ነው የተሠራው።

ጎድንና ማገር

ሥራው የሚፈትነው እዚህ ጋ ነው። ከጠርዙ ሥር በየ12 ሳ.ሜ. ለጎድን ጫፍ የሚሆን 12 በ6 ሚ.ሜ. ጉድጓድ በመሮ ይቆፈራል፣ ጥልቀቱ 12 ሚ.ሜ.። ጎድኖቹ 35 ናቸው፤ ስትሰነጥቁ 45 አዘጋጁ፣ የሚሰበር አይጠፋምና። ቀርከሃው የፈላ ውኃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ፤ ለዚህ አንድ ጎኑ የተከፈተ ረጅም ቆርቆሮ ይበቃል። ሲወጣ የመታጠፊያ ጊዜው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ጓንት አድርጋችሁ ጉልበት ላይ ቀስ እያላችሁ እጠፉ፤ የሚያብረቀርቀው ልጣጭ በውጭ በኩል ይሁን። ለመወጠር የሚችለው ልጣጩ ነው፤ ወደ ውስጥ ከዞረ የውጪው ለስላሳ ክፍል ይፈነዳል።

መጀመሪያ የመሐሉን ጎድን አስገቡ፦ ወለሉ ጠፍጠፍ ያለ፣ ጎኑ ቀና ያለ። ከዚያ ከሁለቱም ጫፍ ሩብ ላይ አንዳንድ፣ እየሾለ የሚሄድ። ቀጭን ረጅም ስንጥር ከአፍንጫ እስከ ጅራት በነዚህ ላይ አስተኙና የቀሩትን ጎድኖች ወደ እሷ አስጠጉ። ስንጥሯ ከአንዱ ጎድን ከተነሳች ያ ጎድን አጥሯል፤ ካበጠች ረዝሟል። የረዘመው ጫፉ ይቆረጣል፣ ያጠረው ይጣላል። በዓይን መለካትም ይረዳል፦ ከጅራቱ ጀርባ በርከክ ብላችሁ አሻግራችሁ እዩ፤ ጎርባጣው ወዲያው ይታያል።

ማገሮቹ በያንዳንዱ ጎን ሦስት ናቸው፣ 2 በ1 ሳ.ሜ.፣ ከጎድኑ ውጭ የሚታሰሩ። ከአከርካሪው ጋር እያንዳንዱ ጎድን ሰባት ቦታ ይታሰራል፤ በጠቅላላው 245 እስር፣ ለያንዳንዱ 60 ሳ.ሜ. ያህል ክር። የቀርከሃ ልጣጭ ስለሚያንሸራትት እስሩ የሚያርፍበትን ቦታ በመስታወት ስባሪ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ጫር ጫር አድርጉት። እስሩ መስቀለኛ ይሁን፤ በአንድ በኩል ብቻ ሰያፍ ከሆነ ማገሩ ሲገፋ ወደዚያው ይሄዳል። ማገር ከጎድን በላይ የሚሆንበት ምክንያት አለ፦ ሸራው ማረፍ ያለበት ከፊት ወደ ኋላ በሚሄድ እንጨት ላይ ብቻ ነው። ጎድን ሸራ ከነካ ውኃው በእያንዳንዱ ጎድን ላይ እየተሰናከለ ያልፋል፣ ሸራውም እዚያው ይበላል።

በመጨረሻ በአግዳሚዎቹ ላይ ከመቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የጣሪያ ዘንግ ይታሰራል፤ ሸራው እንደ ጣሪያ ዘንበል ብሎ ውኃ እንዲያፈስ። አጽሙ ሲያልቅ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው ቀስ ብለው ሲጠመዝዙት መታዘዝ አለበት፤ ሳይጮህ። የሚጮህ ካለ የላላ እስር አለ ማለት ነው፣ ፈልጋችሁ እሰሩ።

አጽሙን የተልባ ዘይት ቀቡት፣ ሦስት ቀን ይድረቅ። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትወርውሩ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅም በራሱ እሳት ይነሳበታል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ሸራውና ቀለሙ

በኡናንጋን ዘንድ ቆዳውን የሚሰፉት ሴቶች ነበሩ። መርፌው በቆዳው ውፍረት ውስጥ ይሄዳል እንጂ ወደ ሌላው ገጽ አይወጣም፤ ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ እንዳይኖር። የተሰፋው ቆዳ እንደ ከረጢት ሆኖ በአጽሙ ላይ ከአፍንጫ ይጎተትና ጅራቱ ላይ ይዘጋል። በሸራ ስንሠራ ግን ስፌቱን ከውኃ በላይ ማድረግ እንችላለን፤ ሸራው ከሥር ይነሳና ጣሪያው መሐል ላይ ይገጥማል።

አጽሙን ገልብጡ፣ ሸራውን አልብሱ፣ መልሳችሁ አቅኑ። ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ሁለቱ ጫፎች በየ5 ሳ.ሜ. በወፍራም ክር እያወላወላችሁ ሳቡት። ትርፉን ቁረጡ፣ የሸራውን ሁለት ዳር ወደ ውስጥ እጠፉና በሰም ክር በየ7 ሚ.ሜ. ስፉ። አፍንጫው ላይ ሸራው በክፍተቱ መሐል ይቀደዳል፤ የላይኛውና የታችኛው ለየብቻ ይለብሳሉ። ውኃ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነውና ስፌቱ ድርብ ይሁን።

ከዚያ ሸራውን በውኃ አርሱና ጥላ ሥር ይድረቅ፤ ጥጡ ይሰበሰባል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ከአንድ ሳ.ሜ. በላይ መግባት የለበትም። በጣም ወጥሮ መስፋትም ጥፋት ነው፦ ሲሰበሰብ ጠርዙን ወደ ላይ ይጎትትና ካያኩ ይጎብጣል።

ለመቀመጫው አፍ 50 በ42 ሳ.ሜ. የሆነ ሞላላ ቀለበት ከሁለት ዙር የቀርከሃ ስንጥር ጠምዝዙ፣ ቁመቱ 4 ሳ.ሜ.። ሸራውን ከመሐል በኮከብ ቅርጽ ቅደዱ፣ ጫፎቹን በቀለበቱ ላይ አጥፋችሁ ስፉ። ቀለበቱ ከሁለቱ ወፍራም አግዳሚዎች ጋር ይታሰር፤ በሸራው ብቻ ከተያዘ ስትወጡ ትቀዱታላችሁ።

ቀለሙ የዘይት ቀለም ነው፣ ከ3 እስከ 4 ሊትር። የመጀመሪያው እጅ በአኳራጅ ይቅጠን፣ ሦስት እጅ ቀለም ለአንድ እጅ አኳራጅ፤ ክሩ ውስጥ እንዲሰርግ። ቀጥሎ ሁለት ወፍራም እጅ፣ በየመካከሉ አንድ ቀን። ከመጨረሻው በኋላ ቢያንስ ሳምንት ሳይነካ ይቆይ። በሐምሌና በነሐሴ አትጀምሩት፤ እርጥብ ሸራ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ለዚህ የተመቸ ነው። ቀለሙ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ይሁን፤ ካያክ ከውኃ ብዙም ከፍ ስለማይል የሞተር ጀልባ ነጂ ቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው።

ያለቀው ካያክ ከ18 እስከ 20 ኪሎ ይሆናል። ወደ ውኃ ከመውረዱ በፊት ሆዱ ይሞላ፦ በአፍንጫና በጅራት በኩል ክዳናቸው የጠበቀ ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙሶች፣ በያንዳንዱ ጫፍ ሃያ ሃያ፣ በመረብ ከረጢት ተይዘው ከአግዳሚ ጋር ይታሰሩ። የመኪና ከመነዳሪ በግማሽ አየር ተሞልቶ ቢገባም ያው ነው። ይህ ያልታሰረበት ካያክ ዳር ላይ ካልሆነ አይቀዘፍ።

መቅዘፊያው

ባለ ሁለት ክንፍ ነው፣ 2.30 ሜትር ርዝመት ያለው። 9 በ4 ሳ.ሜ. ከሆነ የፈረንጅ ጽድ ይወጣል፤ መያዣው 3.5 በ3 ሳ.ሜ. ሞላላ፣ ክንፉ 70 ሳ.ሜ. ርዝመትና 8.5 ሳ.ሜ. ወርድ፣ ጫፉ 6 ሚ.ሜ. ውፍረት። የአሊዩት መቅዘፊያ በክንፉ አንድ ገጽ ላይ ከመያዣው የሚነሳ ሸንተረር አለው፤ ክንፉ ቀጭን ሆኖ እንዳይሰበር የሚይዘው እሱ ነው። ክንፉ ውኃ ውስጥ ቢርገበገብ ገልብጣችሁ ያዙትና አወዳድሩ፤ በሁለቱም ገጽ ከተርገበገበ ሸንተረሩ ከመሐል ወጥቷል።

ውኃ ላይ

የጣና ነፋስ ጧት ይተኛል፣ ከቀትር ወዲህ ይነሳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ውጡ፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ዳር ሁኑ። ነፋሱ ቀን ቀን ከሐይቁ ወደ ምድር ስለሚነፍስ ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ዘጌ የዘገየ ሰው ማዕበሉን በጎኑ ይቀበላል፤ ለጠባብ ካያክ ከዚህ የከፋ አቅጣጫ የለም።

ካያኩን በድንጋይ ላይ አትጎትቱ። የጣና ዳር ጥቁር ድንጋይ ሸራ ይቀዳል። ውኃው ጉልበት እስኪደርስ ተሸክማችሁ ግቡ፤ መቅዘፊያውን ከመቀመጫው ኋላ አግድሙና አንዱን ክንፍ የሐይቁ ወለል ላይ አስደግፉ፤ የካያኩ ጀርባ ላይ ተቀምጣችሁ ሁለቱንም እግር አስገቡ፣ ተንሸራተቱ። ደንገልና ሣር ያለበት የረጋ ውኃ ውስጥ ቆማችሁ አትዘግዩ፤ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው። ስትወጡ ገላችሁን ቶሎ አድርቁ።

እግራችሁ አግዳሚውን ይርገጥ፣ ጉልበታችሁ ጣሪያውን ይንካ፣ ወገባችሁ ይላላ። ጀማሪ የሚገለበጠው ከፍርሃት ወገቡን ስለሚያደርቅ ነው፤ ካያኩ ሲያጋድል ከላይ ያለው አካሉም አብሮ ያጋድላል። ዳሌው ካያኩን ይከተል፣ ራስና ደረት ቀጥ ብለው ይቅሩ። ኡናንጋን ወንዶች ልጆቻቸውን ከሕፃንነት ጀምሮ የእግራቸውን ጅማት ያሰለጥኗቸው ነበር፤ ለረጅም ሰዓት እግር ዘርግቶ መቀመጥ ከባድ ነውና። ወንበር የለመደ ሰው ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ዳር ቢወጣ ይበጀዋል።

ክንፉን ከእግር ጣታችሁ አጠገብ አጥልቁ፣ ዳሌያችሁ ጋ አውጡ። ከዳሌ አልፎ የሚሄድ ምት ውኃውን ወደ ላይ ያነሳል እንጂ ካያኩን አይገፋም። ኃይሉ ከክንድ ሳይሆን ከወገብ መዞር ይምጣ፤ ክንዱ የደከመው ሰው ወገቡ ሳይዞር ቀርቷል ማለት ነው። ለመዞር ከአፍንጫው ጀምራችሁ ሰፊ ክብ እየሳላችሁ እስከ ጅራት ውሰዱት። ካያኩ ባዶ ከሆነ ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ነፋስም ይጫወትበታል፤ ኡናንጋን ድንጋይ ይጭኑ ነበር። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውኃ ከመቀመጫው ኋላ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ሳይታሰር ከተቀመጠ ባጋደለ ቁጥር ተንከባሎ መገልበጡን ያግዛል።

መገልበጥን ዳር ላይ፣ ደረት በሚደርስ ውኃ፣ አጠገባችሁ ሰው አቁማችሁ ተለማመዱ። የመንሳፈፊያ ጃኬት አይለይ። ስትገለበጡ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ እጃችሁን በቀለበቱ ላይ አድርጋችሁ ዳሌያችሁን ግፉ፤ እግር ይከተላል። ለመመለስ ባዶ ጀሪካን በመቅዘፊያው አንድ ክንፍ ላይ እሰሩ፣ ሌላውን ጫፍ ከመቀመጫው ኋላ ያዙ፤ መቅዘፊያው ወደ ጎን እንደ ክንድ ይዘረጋል፣ በእሱ ተደግፋችሁ በጀርባው ላይ ትወጣላችሁ። ያለ እንቅፋት ሦስት ጊዜ ሳትመለሱ ከዳር አትራቁ።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩልና በደብረ ማርያም ዙሪያ ጉማሬ አለ። ሌሊት ሣር ግጦ ንጋት ላይ ወደ ውኃ ስለሚመለስ በንጋትና በምሽት ደንገሉን ተጠግታችሁ አትቅዘፉ፤ ባያችሁት ጊዜ ከመቶ ሜትር በላይ ራቁ፣ በእሱና በጥልቁ ውኃ መካከልም አትግቡ። ከመውጫው አልፎ ወደ ጨራ ጨራ ግድብ የሚወስደው ውኃ ደግሞ ጸጥ ያለ እየመሰለ ይስባል፤ ካያክ ይዛችሁ ወደዚያ አትጠጉ። የዓሣ አጥማጆች መረብ ላይ ስታልፉ መቅዘፍ አቁሙና በፍጥነታችሁ ተንሸራተቱ፤ መረቡ የሚይዘው ክንፉን ነው።

ከውኃ ሲወጣ

ገልብጣችሁ ውኃውን አፍስሱ፣ ጠርሙሶቹን አውጡ፣ ጥላ ሥር አየር በሚገባበት ይድረቅ። ከመሬት ከፍ ብሎ በሁለት ሰፋፊ ጨርቆች ይንጠልጠል፤ መሬት ካረፈ ምስጥ ያገኘዋል፣ በቀጭን ገመድ ከተንጠለጠለ ደግሞ ሸራው ይሰረጎዳል። ትንሽ ቀዳዳ ውኃ ላይ ሳለ በፕላስተር ይታፈናል፣ ሸራው መጀመሪያ በጨርቅ ከደረቀ። ቤት ሲደርስ ዙሪያውን ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ ክብ የሸራ ቁራጭ በማስቲሽ ለጥፉ፣ በላዩ ሁለት እጅ ቀለም። ቁራጩ ማዕዘን ካለው ውኃው ጫፉን ይዞ ስለሚልጠው ክብ ይሁን። በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስከረም ሲጠባ፣ በመቀመጫው አፍ እጃችሁን አስገብታችሁ የደረሳችሁበትን እስር ሁሉ ዳብሱ፤ የላላውን እዚያው አጥብቁ፣ ሥሩንም አዲስ እጅ ቀለም ቀቡት።